የታጠበ ልብስ የሚታጠብበት ቤት

ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ከጀርባው በቱቦ የሚወጣው ውሃ ከገባው ውሃ በምንም አይለይም፤ ትንሽ አረፋ ከመያዙ በቀር ቢጠጡት የሚያስጨንቅ አልነበረም። ማጣሪያውን ፈትቼ አየሁት። በተማርኩበት አገር የልብስ ማጠቢያ ማጣሪያ ሲፈታ ከውስጡ ግማሽ ሰው ይወጣል፤ ፀጉሩ፣ አዝራሩ፣ ኪሱ ውስጥ የረሳው ወረቀት፣ የሹራቡ ብናኝ። የእኔው ማጣሪያ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው።

«እቴቴ፣ ይሄ ማሽን አያጥብም» አልኩ።

አክስቴ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል «እንዴት ነው የማያጥበው? ይኸው ጥጥ መስሏል» አለች።

«መምሰሉንማ መስሏል። ቆሻሻው የት ገባ?»

«ቆሻሻ ፍለጋ ነው እንዴ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረሽ የመጣሽው?»

ከዚህች ሴት ጋር ክርክር ገጥሞ ያሸነፈ ሰው አላውቅም። አባቴ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ሲሞክር ኖሮ ተስፋ ሲቆርጥ ሌላ ከተማ ሄዶ መኖር ጀመረ። እሷ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ስልክ ቤት ውስጥ መስመር አገናኝ ነበረች። ሞባይል ሳይመጣ በፊት በከተማችን የተባለ ነገር ሁሉ በእሷ ጆሮ አልፏል፤ ማን እንደታመመ፣ ማን ማንን እንደከዳ፣ የማን ልጅ የት ሆኖ ምን ላኩልኝ እንዳለ። መስመሩን ከማገናኘቷ በፊት ለሁሉም የምትላት አንዲት ቃል ነበረቻት። «አልሰማሁም» ትላለች። ሰውየው ይስቅና ወሬውን ይቀጥላል። እውነትም አንድ ቀን ከአፏ ያመለጠ ነገር የለም። ለዚህ ነው መሰለኝ ሰው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኛት ትንሽ ጎንበስ የሚለው።

ላውንደሪውን የከፈትነው በእሷ ሳሎን ውስጥ ነው። ቤቷ ዋናው መንገድ ላይ የወጣ ስለሆነ ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም። እኔ ስመለስ ይዤ የመጣሁት የንግድ ሥራ አመራር ዲግሪ፣ ሁለት ማጠቢያና አንድ ማድረቂያ የሚገዛ ቁጠባ፣ እና አንድ ሐሳብ ነበር። ሐሳቡን ያገኘሁት እዚያ ስኖር ከሰፈሬ ጥግ ላይ ከነበረች ላውንደሪ ነው። ፊቷ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሴን ይዤ እሄድና ከማላውቃቸው ሰዎች ጎን ተቀምጬ ልብስ ሲሽከረከር አያለሁ። መንገደኛው እኛን ያያል፤ እኛም መንገደኛውን እናያለን። እንደዚያች ቤት ንጹሕና ብርሃን የሞላበት ቦታ ያለ አይመስለኝም ነበር። የትም ብሄድ አንድ ቀን የምከፍተው እንደዚህ ያለ ቤት ነው እያልኩ ስንት ቅዳሜ አሳለፍኩ።

ጥናትም አጥንቻለሁ። ቤት ለቤት እየዞርኩ «ላውንደሪ ቢከፈት በስንት ጊዜ አንዴ ልብስ ታመጣላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም «በየሳምንቱ» አሉኝ። ያለ ምንም ልዩነት፣ ሁሉም። በተማርኩበት ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ድምፅ የወጣው ጥናት ገጥሞኝ አያውቅም። ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

አክስቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «መስታወቱ የግድ ነው?»

«የግድ ነው እቴቴ። ሰው ውስጡን ማየት አለበት። ካላየ አያምንም።»

«እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለችና ሶፋዋን ወደ መኝታ ቤቷ አስገባች። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ አልጋዋ ላይ ለመድረስ ሶፋውን መሻገር ነበረባት። ልትተኛ ስትል እሰማታለሁ። «ወይ እግሬ» ትላለች ለራሷ፤ ከዚያ የሶፋው ሽቦ ይንጣጣል፤ ከዚያ ዝም ይላል።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነበር። እዚያ የነበርኩበት መሥሪያ ቤት ቦታዬን እስከ ክረምቱ ማብቂያ እንደሚያቆይልኝ ነግሮኛል። አክስቴም ይህን ታውቃለች። ቅሪ ብላኝ አታውቅም፤ ሂጂም አላለችኝ። ሥራው ካልሆነ ግን እሄዳለሁ፤ ከሄድኩ ደግሞ እሷ ሁለት ማጠቢያ፣ አንድ ማድረቂያና ሳሎን የሌለው ቤት ታቅፋ ትቀራለች። እኔ እዚያ ሳለሁ እዚህ፣ እዚህ ስሆን እዚያ የሚያምረኝ ሰው ነኝ። ለእንዲህ ያለ ሰው ሳሎን መስጠት ድፍረት ይጠይቃል። ሻንጣዬን እንኳ ከአልጋዬ ሥር እንደታሰረ ነበር ያስቀመጥኩት።

ያን ሻንጣ እሷ ለሌላ ጉዳይ ፈልጋዋለች። ላውንደሪ ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠራቀመው አንድ እግር ካልሲ ነው። ጓደኛው የት እንደገባ አይታወቅም፤ ባለቤቱ አይጠይቅም፤ መጣልም ያሳዝናል። እነዚህን በካርቶን ስታጉር ቆይታ ካርቶኑ ሲሞላ «ያ ሻንጣሽ ባዶ ነው?» ትለኛለች።

«ባዶ አይደለም።»

«እሺ» ትላለች። በሌላ ቀን ደግሞ ትጠይቀኛለች።

እንግዲህ ያን ማጣሪያ በእጄ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ግሪስ ገባ። ግሪስ ከፊት ለፊታችን ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም እሱ ራሱ ከረሳው ቆይቷል። ሰው ሲጨብጥ መዳፉን ሳይሆን ክርኑን ነው የሚሰጠው። በፌስታል የያዘውን ቱታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ፤ አወጣሁት። ሰማያዊ ነው። የግሪስ ቱታ ሰማያዊ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። እርጥበቱም ገና አልለቀቀውም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ቱታ ነዋ።»

«ለምን አመጣኸው?»

«እንዲታጠብ» አለ ግራ ገብቶት።

«ታጥቧል እኮ።»

«አይ፣ ትንሽ ለቅለቅ አድርጌው ነው።»

«ትንሽ? ቀለሙ ሊለቅ ደርሷል። በምንድን ነው ያጠብከው?»

«መጀመሪያ በናፍጣ። ከዚያ በሳሙና። ከዚያ ናፍጣው ሸተተኝና እንደገና በሳሙና።» ወደ አክስቴ ዞረ። «ምን አጠፋሁ እትዬ?»

«ምንም አላጠፋህም» አለችው። ከዚያ ለእኔ፣ «ታዲያ ሰው ቤት ቆሻሻ ልብስ ይዞ ይመጣል እንዴ?»

«ላውንደሪ እኮ ነው እቴቴ።»

«ይሁን። ሳሎኔ ነው።»

ግሪስ እስኪወጣ ጠበቅሁና ተራ የሚጠብቁትን ፌስታሎችና ዘንቢሎች አንድ በአንድ ከፈትኩ። የዳቦ ቤቱ ሽርጥ ላይ የዱቄት ምልክት የለም። የፀጉር አስተካካዩ ፎጣ ላይ አንድ ፀጉር የለም። የቀለም ቀቢው ሱሪ ከእኔ ሱሪ ይነጻል። ከተማው በሙሉ ልብሱን ቤቱ ያጥባል፣ ያሰጣል፣ ይሰበስባል፣ ከዚያ ተሸክሞ ለእኛ ያመጣል። እኛ የታጠበውን እናጥባለን። እነሱ መጥተው ይወስዱና «እንዴት አድርጋችሁ ነው እንዲህ ያነጻችሁት» ብለው ያመሰግኑናል።

ይሉኝታ ነው። የእትዬ የወንድም ልጅ ሥራ ጀመረች፣ በየሳምንቱ እመጣለሁ ብለናል፣ ቃል ቃል ነው። ቆሻሻውን ይዞ መምጣት ደግሞ ነውር ነው፤ በዚያ ላይ ከመንገድ ይታያል። ያን ቀን ማታ ዲግሪዬን ሁሉ ሰብስቤ ሳሰላው ሥራዬ የቆመው በሰው ይሉኝታ ላይ ብቻ መሆኑ ገባኝ። ይሉኝታ ደግሞ ይደክመዋል። አንድን ልብስ ሁለት ጊዜ ማጠብ ማንን ያስደስታል? ቀስ በቀስ በየሳምንቱ የነበረው በየሁለት ሳምንቱ ሆነ። ሰው በራችን ላይ ሲያልፍ ሰዓቱን የሚያይ በዛ። ክረምቱም ገባ።

«ቢያንስ ሰዉን ንገሪው» አልኳት አክስቴን። «ሳይታጠብ አምጡ በያቸው።»

«ምን ብዬ ነው የምናገረው? ቆሻሻችሁን አሳዩኝ ልበል?»

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ዝናቡ ለጊዜው ጋብ ብሎ ሳለ፣ ግሪስ አንድ አሮጌ መኪና ወደ ኋላ እየነዳ ከጋራዡ ወጣ፤ መንገዱን አቋርጦ፣ ሳይቸኩል፣ ቀጥ ብሎ መጣና የመኪናውን የኋላ መከላከያ መስታወቴ ውስጥ ከተተው። መስታወቱ ድምፅ ለማውጣት እንኳ ትንሽ የቆየ መሰለኝ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወረደ።

ግሪስ ከመኪናው ወርዶ ቆመ። እጁን በቱታው ሊጠርግ አሰበና ተወው።

«ፍሬኑን እየሞከርኩ ነበር» አለ።

«እና?» አለች አክስቴ መጥረጊያ ይዛ ብቅ ብላ።

«አይሠራም።»

አክስቴ አየችው፣ ወለሉን አየች፣ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ። ግሪስ ግን አልሳቀም። ሙሉ ቀን ስባሪ ሲለቅም ዋለ። እንዲህ ዓይነት መስታወት ከትልቁ ከተማ ነው የሚመጣው፤ እስኪመጣ ዝናብ እንዳይገባ ብሎ መኪና የሚያለብስበትን ወፍራም ሸራ አምጥቶ ከላይ እስከ ታች ወጠረልን። ክፍሉ እንደ ድንኳን ሆነ። በቀን አምፖል ማብራት ግድ ሆነብን።

«እንግዲህ የማይታይ ከሆነ ሶፋዬ ይመለስ» አለች አክስቴ። ግሪስና እኔ ጎትተን አወጣነውና በማድረቂያው ትይዩ አስቀመጥነው።

በዚያው ሰሞን አመሻሽ ላይ ጸጥታ መጣች። ጸጥታ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ እኔንም ግሪስንም አስተምራናለች። ስሙን ያወጣንላት ተማሪዎቿ ነን፤ በቀን ውስጥ ከሁሉ የምታበዛው ቃል ስለሆነ። ፊት ለፊቷ ግን ሁላችንም ቲቸር ነው የምንላት። ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው፤ እናትየው አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተዋል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም።

በሩን ገፋ አድርጋ አንገቷን አስገባች። በክንዷ ሥር በአሮጌ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ይዛለች።

«ሰው አለ?»

«እኛ ብቻ ነን ቲቸር፣ ግቢ።»

ገባች፤ ዞር ብላም ሸራውን አየች። «ከውጭ አይታይም?»

«ምንም አይታይም።»

ጥቅሉን ልቀበላት እጄን ስዘረጋ ወደ ኋላ አለች። «አትንኪው። እኔ አስገባዋለሁ። አንቺ የሚነካውን ቁልፍ ብቻ አሳዪኝ።»

ሽታውን ያኔ ሰማሁት። የታማሚ አንሶላ ሽታ ነው። አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አንዲት ፎጣ ማጠፍ ጀመረች፤ አጠፈቻት፣ ዘረጋቻት፣ እንደገና አጠፈቻት። ጸጥታ አንሶላዎቹን እየፈታች አስገባች። እጇን አየሁት። ጠመኔ የለመደ እጅ ሳይሆን በውሃና በሳሙና ተልጦ፣ በየአንጓው ተሰነጣጥቆ ቀልቷል። በዚህ ዝናብ አንሶላ በየቀኑ አጥቦ ማድረቅ ምን ማለት እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር። በሯ ከእኛ በር አንድ ጩኸት ያህል ነው የሚርቀው፤ ሁለት ማሽን እዚህ ባዶውን ተቀምጧል።

ማሽኑ መዞር ሲጀምር ሶፋው ላይ ተቀመጠች። «ትንሽ ልየው» አለች። ብዙም ሳይቆይ አንገቷ ዘመም አለ። አክስቴ የሰው ጋቢ ከመደርደሪያ አንስታ ደረበችላት።

«የደንበኛ ነው እኮ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ። ልጅቷን ትቀሰቅሻታለሽ።» ጸጥታ ከእሷ ብዙም አታንስም።

አንሶላው ደርቆ ሲወጣ ቀሰቀስናት። የመጀመሪያውን አንሥታ ጉንጯ ላይ አደረገችው። «ሙቅ ነው» አለች። ተሸክማ ስትወጣ አክስቴ በሩን ያዘችላት።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ቤት ሆንን። የዳቦ ቤቱ ሽርጥ ሊጥ እንዳዘለ መጣ። ቀለም ቀቢው ሱሪውን አመጣ፤ ከደረቀበት ቀለም ብዛት ሱሪው ብቻውን ቆመ። ግሪስ ቱታውን እንደወለቀ በሁለት ጣቱ ይዞ ገባ። አባወራዎች በራቸው ላይ ያለውን ጭቃ ሁሉ በልጆቻቸው ልብስ አድርገው ያመጡት ይመስል ነበር። ሁሉም ራሱ ያስገባል፣ ሶፋው ላይ ይቀመጣል፣ ወሬውን ያወራል፣ ትኩሱን ይዞ ይሄዳል። ማጣሪያውን ስፈታ ያቺን ግማሽ ሰው አገኘኋት፤ ብናኝ፣ አዝራር፣ የጸጉር ማስያዣ፣ የጠመኔ ስባሪ። እንደዚያ ቀን በቆሻሻ ተደስቼ አላውቅም።

ምክንያቱን ሁላችንም በየፊናችን አወቅነው። እኔ ዝናቡ ነው አልኩ፤ ክረምት ሲገባ ልብስ አይደርቅም፣ ማድረቂያ ያለን እኛ ብቻ ነን፣ ይህ በየመጽሐፉ ያለ ነገር ነው። አክስቴ ሶፋው ነው አለች። ግሪስ ደግሞ «መስታወታቸው ተሰበረ ብሎ ሰው አዝኖላችሁ ነው» አለ፤ የእሱ እጅ እንዳለበት ለማስታወስ ያህል።

መስታወቱ መጣ። ግሪስ ከመስታወት ገጣሚው ጋር ሆኖ በራሱ ትከሻ ተሸክሞ አወረደው። ሥራው እስኪያልቅ መንገደኛው ቆሞ አየ። ግሪስ በእጅጌው ጠረገው፤ የጥቁር ቅባት ምልክት ቀረበት፤ እየተራገመ በንጹሕ ጨርቅ ጠረገው። ሸራው ሲወርድ ብርሃኑ ከነዝናቡ ግራጫነት ክፍሉን ሞላው። ያቺ የቅዳሜ ቤቴ ተመልሳ መጣች። ሶፋው ከውጭ ሲታይ አያምርም ብዬ እንዲገባ ጠየቅሁ።

«ይግባ» አለች አክስቴ። ያን ቀን ስትሻገር «ወይ እግሬ» ስትል በግድግዳው በኩል ሰማኋት።

ዝናቡ አላቆመም። ደንበኛው ግን አቆመ። ቀጥሎ አንድ ዘንቢል መጣ፤ ከፈትኩት፤ ታጥቧል። ዝናብ ነው ያልኩት ትንታኔዬ በዝናብ መሐል ሞተ። መሥሪያ ቤቴ ደውሎ በዚህ ሳምንት ውሳኔዬን ማወቅ እንደሚፈልግ ነገረኝ። አሳውቃለሁ አልኩ። አክስቴ አጠገቤ ካልሲ እየለየች ነበር።

«አልሰማሁም» አለች። እንደ ድሮው ግን ማንም አልሳቀም።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ አምፖሉን አብርተን ቁጭ ብለን ሳለ ጸጥታ በመንገዱ ብቅ አለች። በአንድ እጇ ጃንጥላ፣ በሌላው ክንዷ ያንኑ ጥቅል ይዛለች። ወደ እኛ እየመጣች ነበር። መስታወቱ ፊት ስትደርስ ቆም አለች። እኛ በብርሃን ውስጥ ለአላፊ አግዳሚው እንደ ትዕይንት ተቀምጠናል። ጥቅሉን ወደ ሌላኛው ክንዷ፣ ከእኛ ወደሚርቀው በኩል አዛወረችው። በፈገግታ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠችንና አለፈች። የጃንጥላውን እጀታ የያዘው እጇ ቀይ ነበር።

ያኔ ገባኝ፤ ሲገባኝም አፈርኩ። እዚያ አገር ያ መስታወት ምንም አያሳይም ነበር። የሚያየኝ ሁሉ የማያውቀኝ ነው፤ ሸሚዜን ቢያይ የማን እንደሆነ አያውቅም፣ እኔንም አያውቅም። እዚህ ግን አንድ አንሶላ ማለት የአንድ ሰው እናት ናት።

ዝናቡ ውስጥ መንገዱን ተሻገርኩ። ግሪስ ከመኪና ሥር ተኝቷል፤ እግሩ ብቻ ይታያል።

«ያን ሸራ መልስልኝ» አልኩት።

እግሩ መንቀሳቀስ አቆመ። «ለምን?»

«መስታወቱን ልሸፍን።»

ተንሸራትቶ ወጣና ተቀመጠ። «ተሰነጠቀ?»

«አልተሰነጠቀም።»

«ቆሸሸ?»

«አልቆሸሸም።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ያሳያል።»

«መስታወት እኮ ነው» አለ። ፊቱ እንደ ተቆጡት ተማሪ ሆነ። በትከሻዬ ተሸክሜ ያመጣሁትን ነገር ልሸፍን ብባል እኔም እንደዚያው እሆን ነበር።

«ሸራው የነበረ ጊዜ ቱታህን እንዴት አድርገህ ነበር የምታመጣው?»

አሰበ። «እንደወለቀ።»

«ዛሬስ?»

ወደ ጋራዡ ጥግ ዞር ብሎ አየ። እኔም አየሁ። አንድ ሳፋ ናፍጣ ውስጥ ቱታው ተዘፍዝፏል። ግሪስ ተነሣና ሸራውን ከአንድ የደንበኛ መኪና ላይ ገፈፈው፤ መኪናው ዝናብ ላይ ቀረ። ወንበር ላይ ወጥተን ሁለታችንም ስንወጥር እሱ ከላይ እንዲህ አለኝ፤ «ለማንም እንዳትናገሪ እንጂ፣ መስታወቱን የሰበርኩ ጊዜ ፍሬኑ ይሠራ ነበር፣ ሆን ብዬ ነው ብል ይሻል ነበር።»

«ማን ያምንሃል?»

«እሱስ ልክ ነሽ።»

ያን ቀን ጸጥታ አልመጣችም። በማግስቱም አልመጣችም። ሄጄ በሯን ላንኳኳ ስነሳ አክስቴ «ተቀመጪ» አለችኝ። «ሰው በራሱ እግር ይመጣል። እቤቷ ሄደሽ እናትሽን አይቻለሁ ልትያት ነው?»

«እኔ እንደዚያ አልልም።»

«ሳትይው ይሰማል። ይልቅ ነይ፣ ይሄን ሶፋ ያዢልኝ።»

ሶፋው የመኝታ ቤቱ በር ላይ ተቀርቅሮ፣ አክስቴ ከውስጥ እየገፋች፣ እኔ ከውጭ እየሳብኩ ሳለ የፊቱ በር ተከፈተ። ጸጥታ ጥቅሏን ይዛ ቆማለች። ሸራውን አየች፣ እኛን አየች። ጥቅሉን ማሽኑ ላይ አስቀመጠችና መጥታ በጎኔ ያዘች።

«እንዲህ አይደለም የሚሳበው» አለች። «መጀመሪያ አግድሙት። አንቺ፣ ትንሽ ሳለሽም ነገር ቀጥ አድርገሽ መግፋት ነው የምትወጂው። ጸጥታ፣ አሁን በአንድ ላይ።»

ሶፋው ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ታሪክ ነው፤ ደስ ይላል እንጂ ሲወራ ብዙ አያስደንቅም። ልብስ ሰፊዋ ለመስታወቱ ወፍራም መጋረጃ ሰፋችልን፤ ግሪስ ሸራውን መልሶ ለመኪናው ባለቤት ይቅርታ ጠየቀ። ከማሽኖቹ ፊትም ሌላ መጋረጃ ዘረጋን፤ ማንም የማንንም ሳያይ ራሱ የሚያስገባበት። አክስቴ የውስጠኛውን መጋረጃ ቀለበቶች የሰካችው በራሷ እጅ ነው፤ ስልክ ቤት የነበረችውን ጠባብ የእንጨት ክፍል እያስታወሰች፣ «እዚያም ሰው በሩን ሳይዘጋ ሃሎ አይልም ነበር» አለችኝ። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ያሉት ማረፊያ ቤቶች አንሶላቸውን ላኩ። ከጎረቤት ከተማ ሰው ልብሱን በመኪና እየጫነ ይልክ ጀመር፤ ሦስተኛ ማሽን ገዛን። ሰው ጭቃውን፣ ደሙን፣ ቅባቱን፣ የሕፃኑን፣ የሽማግሌውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሶፋው ላይ ቦታ አይገኝም።

እኔ አሁንም እጠራጠራለሁ። አንዳንድ ቀን ያቺ የመስታወት ቤት ትናፍቀኛለች፤ ማንም የማያውቀኝ ብርሃን። ግን ለመሥሪያ ቤቱ የደወልኩት ሶፋው በወጣ በማግስቱ ነው። አመሰገንኳቸው፤ ቦታዬን ለሌላ ሰው ስጡት አልኳቸው። ስልኩን ስዘጋ አክስቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትተኩሳለች። የተኮሰችውን እጅጌ ነበር መልሳ የምትተኩሰው።

«ያ ሻንጣሽ» አለች ቆየት ብላ፣ «ባዶ ነው?»

«አሁን ይሆናል።»

ከአልጋዬ ሥር ጎትቼ አወጣሁትና ማሽኖቹ ፊት ከፈትኩት። ከላይ የታጠፈ ልብስ ነው። ከሥሩ ግን ሌላ ነበር። ስመጣ የለበስኩት ካፖርት፣ ኮሌታው በእድፍ እንደጠቆረ። ከመጣሁ ጀምሮ የእኔን ልብስ ወደ ማሽኑ አስገብቼ አላውቅም። መታጠቢያ ቤቱን ዘግቼ በባልዲ አጥብና ክፍሌ ውስጥ ወንበር ላይ አሰጣለሁ። ካፖርቱ ግን ለባልዲ ስለሚከብድ ተደብቆ ቀረ። የላውንደሪ ባለቤት ነኝ።

«እኔኮ» አለች አክስቴ፣ «ያ ባልዲ ለምንድን ነው ሁልጊዜ እርጥብ የሚሆነው እያልኩ ነበር።»

የታጠፈውን ልብስ ጠረጴዛው ላይ አውጥቼ፣ ካፖርቱን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆምኩ። አክስቴ የካልሲ ካርቶኗን አንሥታ ባዶው ሻንጣ ውስጥ ገለበጠች። ከዚያ መጋረጃውን በእኔና በእሷ መሐል ሳብ አደረገችው።

«አላየሁም» አለች ከወዲያ በኩል። «አስገቢ።»